ፓምፕ ውሃ ይስባልን? የግቢ ውሃ ፓምፕ እንክብካቤና ጥገና ከፊዚክስ አንጻር

የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች እየመጣ ለነዋሪው እንደሚከፋፈል ይታወቃል። ውሃው በፈረቃ በሚደርስባቸው ሠፈሮች ብዙ ቤተሰብ በመጣለት ሰዓት በመሬት ውስጥ ባሠራው የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ያቁረውና ከዚያ በትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ጣራ ላይ ወደተቀመጠው ሮቶ ያወጣዋል። ይህ ፓምፕ በደኅና ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም። የቆመ ዕለት ግን ወጥ ቤቱም፣ መታጠቢያውም፣ መጸዳጃውም አብረውት ይቆማሉ። ጠጋኝ ይጠራል፤ ጠጋኙም አብዛኛውን ጊዜ መፍቻውን የሚያሳርፈው በሞተሩ ላይ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ጥቅልል ሽቦው እንደገና ይጠቀለላል፤ አለዚያም አዲስ ፓምፕ ይገዛል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ አዲሱም እንደ አሮጌው ይንጫጫል፣ የሚያወጣው ውሃ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው የዚህ ተደጋጋሚ ብልሽት መነሻ ብዙውን ጊዜ በሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ውሃው ወደ ፓምፑ በሚገባበት ቧንቧ ላይ መሆኑን ነው። ምክንያቱ ከምንኖርበት ከፍታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከፓምፑ ካርቶን ውስጥ በሚወጣው መመሪያ ላይ ተጽፎ የምናገኘው እምብዛም ነው።

የሚገፋው አየር ነው

በልማድ ፓምፕ ውሃ «ይስባል» እንላለን። ይሁንና ውሃ በተለመደው ሁኔታ እንደ ገመድ ተይዞ የሚጎተት ነገር አይደለም። ፓምፑ የሚያደርገው በመግቢያው አካባቢ ያለውን ግፊት ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ውሃውን በቧንቧው ውስጥ ወደ ላይ የሚገፋው በማጠራቀሚያው የውሃ ገጽ ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ነው። ለስላሳ መጠጥ በስትሮ የሚጠጣ ልጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እርሱ አፉ ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፣ የቀረውን ሥራ አየሩ ይሠራለታል።

ይህንን ለመረዳት የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚያወሳው መጽሐፉ የመምጠጫ ፓምፕ ውሃን ከ18 ክንድ በላይ ማውጣት እንደማይችል ጠቅሷል። የሰጠው ምክንያት ግን የውሃው ዐምድ ልክ እንደ ተንጠለጠለ ገመድ በገዛ ክብደቱ ይበጠሳል የሚል ነበር። ያን ያህል ታላቅ ሰው እንኳ የ«መሳብ» ሐሳብ እንዴት አድርጎ እንደያዘው ከዚህ እንረዳለን። እ.ኤ.አ. በ1643 ቶሪቼሊ በውሃ ፋንታ 13.6 ጊዜ የሚበልጥ እፍጋት ያለውን ሜርኩሪ ተጠቅሞ ዐምዱን ተሸክሞ የሚያቆመው ከውጭ የሚጫነው አየር መሆኑን አሳየ። ፓስካል ደግሞ ነገሩን እስከ ተራራ ጫፍ ወሰደው። አየር ክብደት ካለው ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚቀረው አየር ያነሰ ስለሚሆን የሜርኩሪው ዐምድ ማጠር አለበት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 የእህቱ ባል ፍሎረን ፔሪዬ ቱቦውንና ሜርኩሪውን ይዞ በመካከለኛው ፈረንሳይ የሚገኘውን ፒዊ ደ ዶም የተባለ ተራራ ወጣ፤ ዐምዱም እንደተጠበቀው አጥሮ ተገኘ። የዚያ ተራራ ጫፍ 1,465 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። እኛ አዲስ አበቤዎች ልብስ የምናጥበው፣ አትክልት የምናጠጣው ከዚያ ጫፍ ወደ 900 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው።

ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት በአማካይ 101.3 ኪሎፓስካል ሲሆን 10.3 ሜትር ቁመት ያለው የውሃ ዐምድ ተሸክሞ ሊያቆም ይችላል። በ2,355 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ የሚሸከመውም ዐምድ 7.8 ሜትር ብቻ ይሆናል። በደብረ ብርሃን 7.3፣ በባሕር ዳር 8.3፣ በድሬዳዋ ደግሞ 9 ሜትር ግድም ነው። ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል በሚወርደው የዳሎል ሜዳ አየሩ ለፓምፕ ከየትኛውም የአገራችን ክፍል ይልቅ ለጋስ ነው፤ ግን በዚያ ሙቀት ውስጥ ቤት ሠርቶ ሮቶ የሚሰቅል ሰው ከተገኘ ነው።

ከ7.8 ሜትር ላይ የሚቀነሱ

7.8 ሜትር ጣሪያው ነው፤ እርሱን መንካት የሚችል ፓምፕ ግን የለም። ከዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይቀነሳሉ። የመጀመሪያው ውሃው ራሱ ወደ እንፋሎት እንዳይለወጥ የሚያስፈልገው ግፊት ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውሃ የትነት ግፊት 2.3 ኪሎፓስካል፣ ወይም ወደ 0.2 ሜትር የውሃ ዐምድ ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሁለተኛው በመምጠጫው ቧንቧ ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ነው። ሦስተኛው ፓምፑ ውሃውን ያለ ችግር ለመቀበል በመግቢያው ላይ እንዲተርፍለት የሚፈልገው ግፊት ሲሆን ለትናንሽ የቤት ፓምፖች 2 ሜትር ተኩል ብለን ብንገምት ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ሰበቃውን ጠለቅ ብለን እንመልከተው፤ ሊታረም የሚችለው ስሕተት በብዛት የሚገኘው እዚህ ነውና። በደቂቃ 40 ሊትር በሚያወጣ ፓምፕ ላይ የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ 10 ሜትር ቧንቧ ቢገጠም በሰበቃ የሚጠፋው 1 ሜትር ያህል ነው። ቧንቧውን ወደ 19 ሚሊሜትር ብናጠበው ምን ይሆናል? የውሃው መጠን ሳይለወጥ ቧንቧው ሲጠብ ኪሳራው የሚያድገው በስፋቱ አምስተኛ ርቢ ነው። በዚህም መሠረት ከ1 ሜትር ወደ 4 ሜትር ይዘላል። በገበያ ቋንቋ ከባለ አንድ ኢንች ወደ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች መውረድ ማለት ነው፤ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ብር፣ የግፊቱ ልዩነት ግን አራት እጥፍ። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ጎሚቶ ተጨማሪ ርዝመት ያለው ቧንቧ እንደተጨመረ ይቆጠራል።

ሰፊውን ቧንቧ ይዘን ሒሳቡን ስንጨርስ ከ7.8 ላይ 0.2፣ 1 እና 2.5 ሲቀነሱ 4 ሜትር ግድም ይቀራል። በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 6 ሜትር ተኩል በቀረ ነበር። ከብዙ ፓምፖች ጋር የሚመጣው ወረቀት ትልቁ የመምጠጥ ጥልቀት 8 ሜትር መሆኑን ሲገልጽ የሚናገረው ስለ ባሕር ጠለልና ስለ አጭር ቧንቧ ነው። አዲስ አበባ ላይ ገና ከመነሻው 2 ሜትር ተኩል ይቀነስለታል።

በመሬት ውስጥ ያለ ማጠራቀሚያ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ፓምፑ ከማጠራቀሚያው ርቆ፣ በጠባብ ቧንቧ፣ በሲሚንቶ መደብ ላይ ከፍ ተደርጎ ከተተከለ ከሚፈቀደው ዳርቻ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ ማጠራቀሚያው ሙሉ በሆነ ጊዜ ፓምፑ በጸጥታ ይሠራል፣ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ግን ይጮኻል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «አቅሙ አንሶ ነው» ብሎ የበለጠ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ይገዛል። ይህ ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ነው። ትልቁ ፓምፕ በዚያው ቧንቧ የበለጠ ውሃ ለማሳለፍ ስለሚታገል ሰበቃው ይጨምራል፤ አየሩ ግን ለትልቅ ፓምፕ ብሎ የበለጠ አይገፋም። ትክክለኛው መድኃኒት ፓምፑን ወደ ውሃው ማቅረብና ዝቅ ማድረግ፣ የመምጠጫውን ቧንቧ ማሳጠርና ማስፋት ነው። ከፓምፑ በኋላ ያለው መንገድ ቢረዝም፣ ሮቶው ፎቅ ላይ ቢሰቀል የሚያሠራው የፓምፑ የራሱ ጉልበት ስለሆነ ከፍታችን በዚያ በኩል አያሳስበንም። ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ ፓምፕም ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ነጻ ነው፤ የሚመጥጠው ነገር የለምና።

የመዋኛ ገንዳ ፓምፕም በመሠረቱ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። የሚለየው ብዙውን ጊዜ ከውሃው ገጽ ብዙም ሳይርቅ ስለሚተከል ችግሩ ከጥልቀት ይልቅ ከፊቱ ካለው የማጣሪያ ቅርጫት ጋር መሆኑ ነው። ቅርጫቱ በቅጠልና በፀጉር ሲደፈን ፓምፑ በጠባብ ቧንቧ እንደሚመጥጥ ያህል ይቸገራል፤ ጩኸቱም አንድ ዓይነት ነው።

ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ

ይህ ጩኸት ምንድን ነው? በኢምፔለሩ መግቢያ ላይ ያለው ግፊት ከውሃው የትነት ግፊት በታች ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም እንደሚፈላ የምናውቅ ሰዎች ግፊት ሲቀንስ የመፍያው ነጥብ እንደሚወርድ ሊያስገርመን አይገባም። በዚህ መንገድ የተፈጠሩት ትናንሽ የእንፋሎት አረፋዎች ኢምፔለሩ ወደ ዳር ሲያስወነጭፋቸው ግፊቱ ከፍ ወዳለበት ቦታ ይደርሱና በቅጽበት ይጨፈለቃሉ። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1917 የእንዲህ ያለውን አረፋ መጨፍለቅ በሒሳብ ሲመረምር በመጨረሻዋ ቅጽበት የሚፈጠረው ግፊት እጅግ ከፍተኛ እንደሚሆን አሳይቷል። ካቪቴሽን የሚባለው ይኸው ነው። ድምፁ ፓምፑ ውስጥ ጠጠር የገባ ያስመስላል፤ ከጊዜ በኋላ ኢምፔለሩ ሲወጣ ብረቱ ነቀዝ እንደበላው እህል ተቦርቡሮ ይገኛል።

ካቪቴሽን መሆኑን ለመለየት ከፓምፑ በኋላ ያለውን ቫልቭ ቀስ በቀስ በከፊል መዝጋት በቂ ነው። የሚያልፈው ውሃ ሲቀንስ ሰበቃውም ፓምፑ የሚፈልገው ግፊትም ስለሚቀንሱ ጩኸቱ ይረግባል። ከረገበ የሚታረመው የመምጠጫው ቧንቧ ነው፤ ሞተሩን የሚፈታ ጠጋኝ ገንዘባችንን ብቻ ሳይሆን ጤነኛውን ሞተር ጭምር ያባክናል።

በስውር የሚገባ አየር

ፓምፑ እየተሽከረከረ ጭራሽ ውሃ የማያወጣበት ጊዜም አለ። በዚህ ጊዜ የሚጠረጠረው አየር ነው። 12 ሴንቲሜትር የጎን ስፋት ያለው ኢምፔለር በደቂቃ 2,850 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰከንድ 18 ሜትር ያህል ይፈጥናል። በዚህ ፍጥነት ወደ ላይ የተወረወረ ማንኛውም ነገር፣ የአየርን መከላከል ብንተወው፣ ወደ 16 ሜትር ይወጣል። ስለሆነም ኢምፔለሩ ውሃ ሲሞላ የ16 ሜትር የውሃ ዐምድ የሚያክል ግፊት ይፈጥራል ብለን በግምት መናገር እንችላለን። አየር ሲሞላ ግን የሚፈጥረው የ16 ሜትር የአየር ዐምድን ግፊት ነው። የአዲስ አበባ አየር በሜትር ኩብ 0.9 ኪሎግራም፣ ውሃ ደግሞ 1,000 ኪሎግራም ይመዝናል። ሲካፈል ያ ግፊት ውሃን ሊያነሣ የሚችለው አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው! ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ቀፎውና የመምጠጫው ቧንቧ በውሃ ይሞሉ የሚባለው ለዚህ ነው።

የተሞላው ውሃ ተመልሶ እንዳይፈስ የሚይዘው በቧንቧው ጫፍ ላይ ውሃው ውስጥ የሚቀመጠው ፉት ቫልቭ ነው። ፓምፑ በየጠዋቱ ውሃ ካልተሞላለት አልነሣ የሚል ከሆነ በቫልቩ መቀመጫ ላይ አሸዋ ወይም ዝገት መኖሩን እንመርምር። ቫልቩ ከማጠራቀሚያው ወለል 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ቢል ደለሉን አይመጥጥም።

ፉት ቫልቩ ደኅና ሆኖ ሳለ አየር የሚገባ ከሆነ ቀዳዳው ከመጋጠሚያዎቹ አንዱ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ፓምፑ ሲሠራ አያንጠባጥብም፤ የውስጡ ግፊት ከውጭው ያነሰ ስለሆነ ውሃ ከመውጣት ይልቅ አየር ይገባል። ፓምፑ ሲቆምና ከሮቶው የሚወርደው የውሃ ዐምድ ሲጫነው ግን ሊያንጠባጥብ ይችላል። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው ፓምፑ እንደቆመ ነው። ካልተገኘ በሚሠራበት ጊዜ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ መቀባት ነው፤ አረፋው ወደ ውስጥ የሚሰምጥበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው። መጋጠሚያው ተፈትቶ አዲስ ቴፍሎን ይጠቀለልበታል።

እዚህ ላይ ከገንዘብ የሚበልጥ ጉዳይ ማንሣት አለብን። አንዳንድ ሰው ማጠራቀሚያውን ትቶ ፓምፑን በቀጥታ ከቆጣሪው ቀጥሎ በመንገዱ መስመር ላይ ይገጥማል፤ ውሃው እየደከመ ሲመጣ ቶሎ እንዲደርሰው ነው። ከላይ እንዳየነው ፓምፑ የመስመሩን ግፊት ከውጭው አየር በታች ሊያወርደው ይችላል። በዚያን ጊዜ በመሬት ውስጥ ባለው የጋራ ቧንቧ ላይ ያለ ስንጥቅ ሁሉ ውሃ ማፍሰሱን ትቶ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ያስገባል። በዙሪያው ያለው ደግሞ የጎርፍ ውሃ ወይም ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሰረገ ፍሳሽ ሊሆን ይችላል። በሽታው የሚደርሰው ፓምፑን የገጠመውን ቤት ብቻ አይደለም፤ በዚያው መስመር ላይ ያሉ ጎረቤቶችና ሕፃኖቻቸው ሁሉ ይጠጡታል። የፓምፕ መምጠጫ ቦታው የራስ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው።

ሞተሩ ራሱ ሲታመም

በአነጋገራችን ይህን ሞተር «ዲናሞ» ማለት ለምደናል። በፊዚክስ ዲናሞ የሚባለው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው እንጂ የሚጠቀመው አይደለም፤ ሆኖም በስም አንጣላ። ሞተሩ እንደ ንብ እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ብቻ ሳይሆን ብሬከሩም ላይ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥ። ከዚያም በማቀዝቀዣው ክንፍ በኩል ዘንጉን በእጅ ማዞር ነው። ካልዞረ ኢምፔለሩ በዝገት ወይም በባዕድ ነገር ተይዟል። በቀላሉ ከዞረ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው። በአንድ ፌዝ ብቻ የሚሠራ ጥቅልል የሚፈጥረው ማግኔታዊ መስክ ይጨምራል ይቀንሳል እንጂ አይሽከረከርም። ለሁለተኛው ጥቅልል ጊዜው የተዛነፈ ጅረት ሰጥቶ መስኩን የሚያዞረው ካፓሲተሩ ነው። እርሱ ሲደክም ሞተሩ ወዴት እንደሚዞር አያውቅም። ቆሞ በሚያጉረመርምበት ጊዜ የሚወስደው ጅረት ከወትሮው አምስት እጥፍ ቢሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ሃያ አምስት እጥፍ ይሆናል፤ በደቂቃዎች ውስጥ የሚቃጠለውም ለዚህ ነው። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ጫፎቹን ከመንካታችን በፊት ሽፋን ባለው ፒንሳ በተያዘ ባለ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ ማራገፍ ያስፈልጋል። ሲለወጥም ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ ደግሞ ከቀድሞው የማያንስ ይሁን።

ማታ ማታ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲደክም ፓምፕ ማስነሣት አይመከርም። የሞተሩ የማዞር ኃይል ከቮልቱ ርቢ ጋር ስለሚሄድ 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ የሚቀረው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። ከፍታችንም እዚህ ላይ እንደገና ይመጣብናል፤ የሞተሮች አቅም በተለምዶ የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ሲሆን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የእኛ አየር ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይመዝናል። ፓምፑን ከዝናብ ለመከላከል ብለን በላስቲክ መጠቅለላችን ስለዚህ ማፈን ነው። ከላዩ ቆርቆሮ ተደርጎ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ።

በፓምፑና በሞተሩ መካከል ካለው ክፍተት ውሃ መንጠባጠብ ከጀመረ ሲሉ አልቋል። ሲል የሚባለው አንዱ ካርቦን ሌላው ሴራሚክ የሆኑ ሁለት ለስላሳ ገጾች የሚተሻሹበት ክፍል ሲሆን የሚያቀዘቅዛቸውና የሚያለሰልሳቸው በመካከላቸው የሚያልፈው ስስ የውሃ ሽፋን ነው። ማጠራቀሚያው ደርቆ ፓምፑ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ያ ሽፋን ይጠፋና ገጾቹ በጥቂት ጊዜ ይበላሻሉ። ሲሉ ርካሽ ነው፤ ችላ ሲባል ግን ውሃው ወደ ኩሽኔታው፣ ከኩሽኔታውም ወደ ጥቅልሉ ይሄዳል። አዲሱ ሲገጠም ገጾቹን በጣት አለመንካት፣ በንጹሕ ጨርቅ መያዝ ነው። ማጠራቀሚያው ሲጎድል ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ ቢገጠም ይህ ችግር ከነጭራሹ አይደርስም።

ውሃና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት በዚህ ቦታ የሞተሩ ቀፎ ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዙና መስመሩ በ30 ሚሊአምፔር የሚቋረጥ መከላከያ ያለው መሆኑ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ፉት ቫልቭ ለመጠገንም ሰው ወደ ማጠራቀሚያው አይውረድ፤ ቧንቧው ወደ ላይ ይውጣ። በተዘጋ ማጠራቀሚያ ውስጥ ኦክስጅን ሊጎድል ይችላል፤ ቤንዚን የሚጠቀም ፓምፕ በአጠገቡ ከሠራ ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጡ ሊገባ ይችላል።

አንድ ቀላል ልኬት እናክል። ፓምፑ በደኅና በሚሠራበት ቀን፣ ማጠራቀሚያው ሙሉ ሳለ፣ ሮቶው ዘንድ በሚደርሰው ቧንቧ ሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቀምጠን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በሰዓት እንያዝ። 30 ሰከንድ ከሆነ በደቂቃ 40 ሊትር ነው። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በፓምፑ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ጽፈን በየሦስት ወሩ፣ ማጠራቀሚያው በዚያው መጠን ሞልቶ ሳለ፣ ልኬቱን እንድገመው። ጊዜው ረዝሞ የጠጠር ድምፅ ከተሰማ የፉት ቫልቩን ወንፊት እናጽዳ፤ ረዝሞ ከጀሪካኑ ጋር አረፋ የሚመጣ ከሆነ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና እንፈትሽ፤ ያለ ድምፅና ያለ አረፋ ከረዘመ በዚያ ሰዓት የነበረውን ቮልት እንለካና ኢምፔለሩን ለማየት ቀፎውን እንክፈት።